ያልታተመ ማረሚያ

በቫልዲቪያ ከተማ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
በር አያንኳኳም፣ ደህና እደሩ አይልም።
ጃንጥላ ዘቅዝቀን፣ ካፖርት አራግፈን፣
ገባን አሥራ አንድ አርታኢ፣ ደብተር ታቅፈን፣
ሦስት ቀን ልንማር፦ የሰው ልፋት ሲመዘን
ሚዛን የያዘው እጅ እንዴት እንዳይባዝን።

በስተቀኜ ያለው የድንጋይ ሽበት መጽሔት አለው፤
በዓመት ሁለቴ ይወጣል፣ አንባቢው መቶ አይሞላው።
ማዶ ያለችው ራየን የማፑቼ ሰዋስው ታሳትማለች፤
ነጠላ ሠረዝ ከቦታው ቢዛነፍ እንቅልፍ ታጣለች።
እኔ የወንዝ ደለል ነኝ፤ ጭቃ ነው መተዳደሪያዬ፣
ከተሾምኩ ሁለት ወር ነው፣ ገና አልደረቀም ፊርማዬ።
ጥጉን የያዘው ዶን ኤሉቴሪዮ፣ የዛጎል መጽሔት ጌታ፣
ቀይ እስክሪብቶው ከደረቱ ሠላሳ ዓመት ያልተፈታ፤
«ዲኑ ፈርሞ ላከኝ እንጂ፣ በዚህ ዕድሜ ፊደል ልቆጥር?»
ብሎ ወንበር ሳበና ጀመረ ጠብታ ሊቆጥር።

አሠልጣኛችን ኤደልሚራ፣ ከቺሎዌ ደሴት የመጣች፣
ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሹራቧን ከነእርጥበቱ የለበሰች፣
በመጀመሪያው ቀን ሕግ አስተማረች፦ ገምጋሚ ቢዘገይ እንዴት፣
ሠንጠረዥ ቢሰረቅ እንዴት፣ ወዳጅ ቢልክ እንዴት።
ጻፍን፣ አዛጋን፣ ብስኩት በላን፤
መሸ፣ ዝናቡ ሸኘን።

በማግሥቱ ግን ለሁላችን አንድ ረቂቅ አደለችን፣
የጸሐፊው ስም ተፍቆ። «እንቢ በሉት» አለችን፤
«ግን እንቢታችሁን ያነበበ ሰው ነገም ብዕር እንዲያነሣ፣
ጉድለቱን ቆጥራችሁ ንገሩት፤ ደግ ነገሩም እንዳይረሳ።»

ረቂቁ ያረጀ ነበር፣ በጽሕፈት መኪና የተመታ፤
ስለ አንዲት የወንዝ አፍ ዛጎል፦ ምድር የሰመጠች ለታ
ወንዙ ጨው የጠጣበትን ዓመት በጀርባዋ ቀለበት ጽፋ፣
ስንት ክረምት እንደ ዘለቀች ምሬቱን በሆዷ አሳልፋ።
ከረቂቁ ሥር የያኔው መልስ፣ አንዲት መስመር፣ ደረቅ፦
«ለመጽሔታችን አይመጥንም።» ፊርማው ተፍቆ እንዳይታወቅ።
ከኅዳጉ ላይ ግን ቀይ ምልክት፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ የተቆለመመ፤
ዶን ኤሉቴሪዮ አየው። እጁ ከወረቀቱ በላይ ቆመ።

እኛ አሥራችን ጻፍን፣ እንቢታን በማር ለወስን፤
የሱ ገጽ ነጭ ነበረ ስናስረክብ ጨርሰን።

ተከተልኩት ለእረፍት ስንወጣ፣ ይዤ የራሴን ጃንጥላ፤
የባሕር አንበሶች ያጓራሉ ከዓሣ ገበያው ኋላ።
«መንጠቆው የኔ ነው» አለ፣ ውኃውን እያየ፤
«ጽፋ የላከችው ልጅ ነበረች፤ ስሟ ከልቤ ተለየ።
ጥናቱ ጥሩ ነበር እኮ፤ ዛሬ ነው ያነበብኩት።
ያን ሳምንት… መንጋጋዬን ታምሜ ነበር መሰለኝ። ጥርስ ነው የነቀልኩት።»
ሳቅ መጣብኝ፤ ዋጥኩት።

በሦስተኛው ቀን እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ ፈርቶ፦
«ለታተመ ስሕተት ማረሚያ አለ፣ ገጽ ቁጥሩ ተጠርቶ፤
ላልታተመስ? በር ላይ ለቀረ? ማረሚያው የት ነው የሚወጣ?»
ኤደልሚራ መመሪያውን ገለጠች፤ ምዕራፍ ታጣ።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከቀይ ቀለም የወጣስ ወዴት?
ዝናቡ ብቻ መለሰ፣ ያውም በቆርቆሮ አንደበት።

ምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ማኅተሙ አረንጓዴ።
ሽማግሌው ለድሮው አድራሻ ደብዳቤ ጻፈ አንዴ፣
ሁለቴም፤ ተመለሰበት፦ «በዚህ ቤት የምትባል የለችም።»
ስለ ሦስተኛው አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላነሣልኝም።

ትናንት አንድ ጥናት መጣልኝ፤ ሠንጠረዡ ተዘባርቋል፣
ዋቢው ግማሹ የለም፤ ጥያቄው ግን ከጭቃው ሥር ደምቋል።
መሽቷል፤ ደክሞኛል፤ አውቶቡሴ ሊያመልጥ ነው፤
«ለመጽሔታችን…» ብሎ የጀመረው ጣቴ ነው።
አቆምኩ።
በምላሴ ጥርሶቼን አንድ ባንድ ዳሰስኩ፤
የሚያመኝ የለም። ወደ ገጽ አንድ ተመለስኩ።